ኬላ ላይ የቀረው የጥይት ሳጥን

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያ ባለፍኩ ቁጥር «ጣና እንዴት ነው? ከጫሞ ይበልጣል?» የምትሉኝ ወዳጆቼ በዝታችኋል። በየሱቁ በር ቆሜ ቁርጥራጩን ከማወራ አንድ ጊዜ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው። ይበልጣል። ከጫሞም ከአባያም ይበልጣል፤ ማዶው አይታይም። ይህን ብቻ ለማወቅ የፈለገ እዚህ ላይ ሊያቆም ይችላል። የቀረው የአንድ ጥይት ነገር ነው። ደስ የሚል ወሬ አይደለም፤ ግን እሱን ዘልዬ ስለ ውሃውና ስለ ዘንባባው ብቻ ባወራችሁ ያስተናገዱኝን ሰዎች የካድኩ ይመስለኛል።

ለማያውቁኝ ሥራዬን ልናገር። አንድ የአደን ድርጅት ውስጥ ፈቃድ ያለኝ አዳኝ ነኝ። ከውጭ የሚመጡ ደንበኞችን ይዤ ጫካ እገባለሁ፤ አልፎ አልፎ ደግሞ ሰው ያስቸገረ አውሬ ሲኖር የሚመለከተው መሥሪያ ቤት እኛን ይጠይቃል። የጣናውም ጉዳይ በዚሁ መንገድ ነው የመጣው። ከዘጌ አለፍ ብሎ ሐይቁ እንደ ክንድ ወደ መሬት የገባበት አንድ ሰርጥ አለ። ከመንጋው የተገለለ አንድ ወንድ ጉማሬ እዚያ ገብቶ ቤቱ አድርጎታል። ሲመሽ የሽምብራና የበቆሎ ማሳ ይጨርሳል፤ ሲነጋ ሰርጡን የሚያቋርጠውን ታንኳ ይገለብጣል። እስከዚያ ጊዜ የሞተ ሰው አልነበረም፤ የተገለበጡት ሁሉ በዋና ተርፈዋል። የመንደሩ ወንድ አብዛኛው ጠመንጃ አለው። ያለ ፈቃድ አውሬ መግደል ወንጀል ስለሆነ ግን እጁን ሰብስቦ፣ ማመልከቻ ጽፎ፣ ዓመት ያህል በየቢሮው ተመላልሶ በመጨረሻ ፈቃዱ ወጣለት። ተኳሹ እኔ ሆንኩ።

ከድርጅቱ መጋዘን ሁለት ጠመንጃ አውጥተው ምረጥ አሉኝ። አንደኛው አሮጌው ምንሽራችን ነው፤ ሰደፉ ተሰንጥቆ በሽቦ የታሰረው። ሁለተኛው አንድ ደንበኛ ወደ አገሩ ሲመለስ ለድርጅቱ ትቶልን የሄደው አራት መቶ አሥራ ስድስት ማግነም ነው። ስለ ጠመንጃ ለማታውቁ በአጭሩ፣ እያንዳንዱ ጠመንጃ የሚጎርሰው የራሱን ጥይት ብቻ ነው። ማግነም የሚሉት ቀለሁ ወፈር ረዘም ያለ፣ ባሩዱ የበዛ፣ ሲመታ የሚያንኮታኩት ነው። ችግሩ የዚህኛው ጥይት ዘመድ የለውም። የምንሽር ጥይት በየገበሬው ዝናር ይገኛል፤ የአራት መቶ አሥራ ስድስቱን ግን በአገራችን ከጥቂት የአደን ድርጅቶች በስተቀር በስም እንኳ የሚያውቀው የለም።

ይህን ሁሉ አውቄው ማግነሙን መረጥኩ። ለጉማሬ ምንሽር ያንሳል የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ቅርብ ሆኖ ቦታውን ለሚያውቅ ተኳሽ ግን በቅቶ ያውቃል። በዚያው በሽቦ በታሰረ ጠመንጃ እኔው ራሴ ጫሞ ዳር ጉማሬ ጥዬበታለሁ። እና ለምን ብትሉኝ፣ አምሮኝ ነው። የማግነሙ ብረት ያበራል፤ መነጽሩ ማዶ ያለችን ወፍ አይን ያሳያል። የጎጃም ሰው ጠመንጃ ይለያል ሲባል ሰምቼ ስለነበር፣ በሽቦ የታሰረ ነገር ተሸክሜ ብሄድ ይሳለቁብኛል አልኩ። የጠመንጃው ቁጥር ፈቃዱ ላይ ተጻፈ፤ ማኅተም ተመታበት። ከዚያ በኋላ መለወጥ የለም።

ሰኞ በጠዋት በድርጅቱ ፒካፕ ብቻዬን ወጣሁ። መንገዱ እንደ ዛሬው ሳይቸግር በፊት ነው። ባለቤቴ አንድ ብልቃጥ የቃሪያ ዳጣና በፌስታል የታሰረ የደረቀ የሽፈራው ቅጠል አስያዘችኝ፤ ሰሜኖች ሽፈራው አያበቅሉም፣ ሰውነትህ ይደክማል ብላ። ማታ አዲስ አበባ ገብቼ አደርኩ። ስለ አዲስ አበባ አልጽፍም፤ ሁላችሁም እዚያ አክስት አላችሁ።

ማክሰኞ የአባይን በረሃ ወረድኩ። ቁልቁለቱ ከእኛ የጨንቻ መንገድ ይረዝማል እንጂ አይብስም። አቀበቱን ስወጣ ግን የፒካፑ ራዲያተር ፈላና ጭሱ እንደ ባቡር ወጣ። ዳር ይዤ ቆምኩ። እኛ አገር መኪና ቢቆም ሙዝ ሻጩ ሁሉ ይከብሃል፤ እዚያ ያለው ገደልና ዝንጀሮ ብቻ ነው። ሲሚንቶ የጫነ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር አየኝና ከኋላዬ አቆመ። ጀሪካን ሙሉ ውሃ ሰጠኝ፤ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አብሮኝ ተቀመጠ። ከምሳ ዕቃው ፍርፍር አውጥቶ አብረን በላን። ዳጣውን ሳቀርብለት አንዴ በጣቱ ቀመሰና እንባው ዱብ ዱብ አለ። «ይኸን እየበላችሁ ነው በዚያ ሙቀት የምትኖሩት?» አለኝ። ስሙን ሳልጠይቀው ተለያየን፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አቀበቱን ጨርሼ ሜዳ ላይ ስወጣ ኬላ ነበር። ጠባቂው አሥር አለቃ ጨዋ ሰው ነው፤ ፈቃዴን ሁለት ጊዜ አነበበ፤ የጠመንጃውን ቁጥር ከወረቀቱ ጋር አመሳከረ፤ ትክክል ነው አለ። ከዚያ የጥይት ሳጥኑን አስከፈተኝ። አንዱን አውጥቶ መዳፉ ላይ አስተኛው። ከአውራ ጣቱ ይረዝማል። ይህ የመትረየስ ጥይት ነው አለ። አይደለም፣ የአደን ነው አልኩት። ፈቃዱ ላይ «ማግነም» ብቻ ነው የሚለው፤ የጥይቱን ቁጥር ያልጻፉት ስለማያውቁት ይመስለኛል። አለቃውን ጠራ፤ አለቃውም ሌላ ሰው ጠራ። ሁሉም እየተቀባበሉ መዘኑት፤ አንዳቸውም አይተውት አያውቁም። በመጨረሻ የወሰኑት ጠመንጃው ይለፍ፣ ጥይቱ ግን ፈቃዱን የሰጠው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ እስኪጽፍ እዚህ ይቆይ የሚል ነው። ደረሰኝ ጻፉልኝ፤ ሻይም ጋበዙኝ። አሥር አለቃው ሲሸኘኝ የገዛ ዝናሩን ነካ ነካ አድርጎ ያለኝ ከጆሮዬ አልወጣም፤ «የምንሽር ቢሆን ኖሮ ቆጥሬ አሳልፍህ ነበር፤ ቢጎድልህም ከራሴ እሞላልህ ነበር» አለኝ። እኔ ደግሞ በሁለት ቀን ደብዳቤው ይደርሳል ብዬ ብዙም አልተጨነቅኩ።

ደብረ ማርቆስ አደርኩ። ብርዱ ሌላ ነው። አርባ ምንጭ ላይ አንሶላ እንኳ ይከብደናል፤ እዚያ ብርድ ልብስ ደርቤ ጥርሴ ይንገጫገጫል። የሆቴሉ ባለቤት ሴትዮ ሦስተኛ ብርድ ልብስ ይዘው መጡና «ቆለኛ ነህ መሰል» ብለው ሳቁብኝ። ጠዋት ሒሳብ ስከፍል ለመንገድ ብለው የተቆላ ገብስ በወረቀት ጠቀለሉልኝ።

ረቡዕ ከሰዓት ባሕር ዳር ገባሁ። ዘንባባው፣ ባጃጁ፣ ሙቀቱ የእኛን ከተማ ያስታውሳል፤ ልዩነቱ ሐይቁ ከከተማው መሐል መሆኑ ነው። እኛ ውሃችንን ከሩቅ ከገደል ላይ ሆነን ነው የምናየው፤ እነሱ እግራቸውን ነክረው ይጠጡበታል። የተቀበለችኝ ብርቱካን ትባላለች። ከዚያች የሰርጥ መንደር የተወለደች፣ ኮሌጅ ውስጥ በጸሐፊነት የምትሠራ ልጅ ናት። ያንን ማመልከቻ ዓመት ሙሉ ይዛ ስትመላለስ የኖረችው እሷ ነበረች። ከከተማው ወጣ ብሎ ዘንዘልማ የተከራየችው ቤት ወሰደችኝ፤ ግድግዳው ገና ኖራ ይሸታል፣ ከበስተጀርባው የጤፍ ክምር አለ። መንገዱን ሙሉ የጣና አሣ ሳልም ነበር የመጣሁት፤ ቀኑ ረቡዕ፣ ጾም ነውና ሽሮ ቀረበልኝ። ሽሮውም ቢሆን ቆንጆ ነበር።

ብርቱካን አባቷ ለምን እንደሚያሳስቧት ነገረችኝ። አባቷ አያ ይሁኔ የታንኳ ሰው ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ከሰርጡ ማዶ ነው፤ ካህናቱን ከወዲህ ወደዚያ የሚያሻግሩት እሳቸው ናቸው፤ ከአባታቸው የወረሱት አገልግሎት ነው። ጉማሬው ከገባ ወዲህ ትተው በእግር እየዞሩ ነው፤ ሽማግሌ ለሆነ ሰው ግን የሚያዛልቅ መንገድ አይደለም። በመጪው ሳምንት የቤተ ክርስቲያኑ ንግሥ፣ ኪዳነ ምሕረት ነው። ያን ዕለት ታቦቱ ስለሚወጣ ካህናቱ በጊዜ መድረስ አለባቸው። «ጉማሬው ተመታም አልተመታም አባየ ያሻግራል፤ እኔ አውቀዋለሁ» አለችኝ። አይዞሽ፣ ከዚያ በፊት ይጨረሳል አልኳት። የጥይቱ ሳጥን ኬላ ላይ እንዳለ አልነገርኳትም፤ ይመጣል ብዬ ነው።

ከእሷ ከተለየሁ በኋላ አዲስ አበባ ደወልኩ። ደብዳቤውን የሚፈርመው ኃላፊ መስክ ወጥቷል፣ ሰኞ ይመለሳል ተባልኩ። ከዚያ ጥይቱን ፍለጋ ከተማውን አካለልኩ። ጠመንጃ ያውቃሉ የተባሉ ሰዎችን እየጠየቅኩ ከአንዱ ወደ አንዱ ሄድኩ። አራት መቶ አሥራ ስድስት ስል አንዱ የቤት ቁጥር የምነግረው መስሎት አቅጣጫ ሊጠቁመኝ ጀመረ።

ሐሙስ በጀልባ ዘጌ ተሻገርኩና ከዚያ በእግር ወደ መንደሩ ሄድኩ። የዘጌ ጫካ እንደ እኛው የአርባ ምንጭ ጫካ ጥላው ደስ ይላል፤ ከዛፉ ሥር ግን ቡና ነው የሞላው። አያ ይሁኔ ከመንገዱ ዳር ቆመው ጠበቁኝ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጋቢያቸውን በአንድ ትከሻ የጣሉ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ያዩት እኔን ሳይሆን ጠመንጃውን ነው። ተቀበሉኝና አገላብጠው አዩት፤ መነጽሩን ወደ ሰማይ አድርገው ተመለከቱ። «ምነው ይኸ ጠመንጃ ነው ወይስ ሙሽራ?» አሉ። ደስ አለኝ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ባለቤታቸው እትየ የሽወርቅ ያን ዕለት አሣውን አበሉኝ። እኛ አሣ ጠብሰን ከዳጣ ጋር ነው የምንበላው፤ እሳቸው በሽንኩርት ቀቅለው በእንጀራ አቀረቡት። ዳጣዬን ሳወጣ እትየ የሽወርቅ በድፍረት ጎረሱና ቀጥ ብለው ተቀመጡ፤ ምንም አልሆንኩም ለማለት እየሞከሩ አይናቸው ቀላ። አያ ይሁኔ እየሳቁ ውሃ አቀበሏቸው። አልጋቸውን ለቀውልኝ እነሱ መደብ ላይ ተኙ። እምቢ ብል አልሰሙኝም፤ እኛ ቤት የመጣ እንግዳ እንዴት መደብ ላይ ይተኛል ብለው ጉዳዩን ዘጉት።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ አያ ይሁኔ ቀስቅሰውኝ ወደ ሰርጡ ወረድን። ባሕሩ ሲሸሽ በተወው እርጥብ መሬት ላይ ሽምብራ ተዘርቷል፤ ግማሹ ተግጦ ተረግጦ እንደ በረት ሆኗል። ጣናን ባሕር ነው የሚሉት፤ ሐይቅ ስል ፈገግ ይላሉ። ከአንድ የሾላ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ብዙም አልቆየን፤ ጉማሬው ከማሳው ወደ ውሃው ሲመለስ በፊታችን አለፈ። ከዚህ ቤቴ እስከ ጎረቤቴ አጥር ያህል ነው የሚርቀው። የጫሞዎቹን ለምታውቁ፣ ይህ ከእነሱ ይገዝፋል፤ ጎኑ ላይ የድሮ ንክሻ ጠባሳ አለ። ቆመና ወደ እኛ ዞሮ አየ። ጠመንጃውን አነሳሁ፤ በመነጽሩ አይኑና ጆሮው መካከል ያለችውን ቦታ አየኋት። ከዚያ የተሻለ ዕድል በአዳኝነት ዘመኔ አላገኘሁም።

«ቅርብ ነው፤ ተኩስ እንጅ» አሉኝ አያ ይሁኔ በሹክሹክታ።

«ጥይት አልጎረሰም» አልኳቸው።

ጉማሬው ወደ ውሃው ገባና ጠፋ። የዚያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ኬላውን፣ ሳጥኑን፣ ደብዳቤውን። ቀድሜ ባለመናገሬ የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ፊታቸው በራ። «ጥይት ነው የቸገረህ? እኔ ደግሞ ምን ሆነ ብየ ደንግጨ ነበር። አይዞህ፣ ጥይትማ እዚህ አይጠፋም» አሉኝ። ይህ ጥይት የተለየ ነው፣ አይገኝም ብል እጃቸውን አወዛወዙብኝ። ጎጃም መሐል ቆሞ ጥይት አይገኝም የሚል እንግዳ ሰምተው አያውቁም መሰለኝ። ቀኑን ሙሉ ከቤት ቤት ሲሄዱ ዋሉ።

ቅዳሜ ጠዋት የመንደሩ ወንዶች አንድ በአንድ መጡ። እትየ የሽወርቅ ሰፌድ ይዘው መሐል ተቀመጡ። እያንዳንዱ ሰላም ብሎ ይገባል፣ ጋቢውን ገለጥ አድርጎ ከዝናሩ አንድ ጥይት ይነቅላል፣ ሰፌዱ ላይ ያስቀምጣል፣ «ለጉማሬው» ይላል፣ ይቀመጣል። እዚያ አገር ጥይት ውድ ነው፤ ለክፉ ቀንና ለወግ ተብሎ የሚቀመጥ እንጂ እንዲሁ የሚሰጥ አይደለም። የሰጠ ሁሉ እየሳሳለት ነው የሰጠው። አንድ ሽማግሌ ዝናራቸው ላይ የቀረችውን አንዲቷን ነቀሉ። የክላሽ አለ፣ የሌላም አለ፣ የሚበዛው ግን የምንሽር ነው። ሰፌዱ ሞላ።

ሁሉም እኔን ማየት ጀመሩ። ማግነሙን አመጣሁና ከፈትኩት። አንዱን የምንሽር ጥይት አንስቼ ስጨምረው ወደ ውስጥ ወርዶ ቆርቆሮ ውስጥ እንደወደቀ ጠጠር ተንኳኳ። አፈሙዙን ወደ ላይ ሳነሳ ተመልሶ ወደቀ። ደግሞ ሌላ ሞከርኩ፤ እንደማይገጥም እያወቅኩ የሞከርኩት እነሱ እንዲያዩት ብዬ ነው። ማንም አልሳቀም። ቢሳለቁብኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ያቺን አንዲት ጥይት የሰጡት ሽማግሌ ጠመንጃውን ተቀብለው ጥይት መጉረሻውን በጣታቸው ለኩና «ይኸን ምን አስመረጠህ?» አሉኝ። ክፋት የለበትም፤ በእውነት ሊያውቁ ፈልገው ነው። በሽቦ የታሰረው ምንሽር መጋዘን ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ታየኝ።

አያ ይሁኔ ተነሥተው ከጓዳ የራሳቸውን ጠመንጃ አመጡ። ምንሽር ነው፤ እንደ እኛው ያረጀ፣ የተወለወለ።

«የእኔው አለ። ከዚህ ሰፌድ ላይ ብዙው ይገጥመዋል። በእሱ ጣልልንና ሂድ» አሉኝ።

«አያ ይሁኔ፣ ፈቃዱ የተጻፈው በዚህ ጠመንጃ ቁጥር ነው። በሌላ ከተኮስኩ የአዳኝነት ፈቃዴን እነጠቃለሁ፤ የእርስዎንም ጠመንጃ ይወስዱብዎታል።»

ተቀመጡና ጠመንጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተኙት። «ሕጉ እንደዚያ ካለ እሽ። እስተዛሬም ሕግ ብለን ነው የጠበቅነ» አሉ።

ጥይቶቻቸውን እንዲወስዱ ለመንኳቸው። ማንም እጁን አልዘረጋም። አያ ይሁኔ ሲያስረዱኝ ለአደን ብሎ የሰጠውን ጥይት መልሶ ዝናሩ ውስጥ የሚከት ሰው እዚያ መንደር የለም፤ ነውር ነው። «እዚህ ይቆይ፤ አንድ ቀን ይፈለጋል» አሉና ሰፌዱን በነጠላ ሸፍነው ቆጥ ላይ ሰቀሉት።

እሑድ ሰርጡን በእግር ዞረን ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ጨለማ ሳይለቅ ተነሥተን ስንደርስ ቅዳሴው እየተገባደደ ነበር። ድንጋይ፣ ጭቃ፣ ደንገል ነው መንገዱ፤ እኔ እንኳ ዱላ ቆርጬ ተደገፍኩ። አያ ይሁኔ በየጥላው ቆም እያሉ ሰርጡን ያዩታል። በታንኳ ቢሆን አንድ መዝሙር ሳይዘመር የሚደረስበት ማዶ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ካህናቱ ዳቦና ጠላ ሰጡን፤ ጠላው ከእኛ አገር ቦርዴ ይጠነክራል። አንዱ ቄስ ለንግሡ በታንኳ ነው የምትወስደን አሏቸው። አያ ይሁኔ እኔን ሳያዩ ታንኳው ተዘጋጅቷል ብለው መለሱ።

ሰኞ ስልክ ጥርት ብሎ የሚሰማበት ጉብታ ላይ ወጣሁ። ኃላፊው ተመልሷል፤ ደብዳቤውም ተፈርሟል። ኬላው የሚቀበለው ግን ማኅተም ያለበትን ዋናውን ነው፤ እሱ በአውቶቡስ ተልኮ እስኪደርስ፣ እኔም ኬላው ድረስ ሄጄ እስክመለስ ሳምንቱ ያልቃል። ፈቃዴ የሚያበቃው ማክሰኞ ነው። ይራዘምልኝ አልኩ፤ አዲስ ማመልከቻ ያስፈልጋል አሉ። ማመልከቻ! ብርቱካን ዓመት የፈጀችበትን እንደገና። ጉብታው ላይ ተቀምጬ የሰርጡን ውሃ ሳይ ቆየሁ፤ ከታች ያ ጆሮ ብቅ ይላል፣ ይጠልቃል።

ማክሰኞ ስነሣ እትየ የሽወርቅ ከዚያው ከተረገጠው ማሳ የተረፈውን ሽምብራ ቆልተው በከረጢት አሰሩልኝ፤ ከዘጌ ያስመጡትንም ቡና ጨመሩበት። ምን ሠርቼ ነው የምትሰጡኝ ብላቸው «መጥተህ የለም እንዴ» አሉኝ። አያ ይሁኔ እስከ ዘጌ ሸኙኝ። ጀልባው ሲደርስ እጃቸውን ያዝኩና ለንግሡ አይሻገሩ፣ ይዙሩ ብዬ ለመንኳቸው።

«ካህናቱ እንዴት ይዞራሉ? ከእኔ የሚበልጡ ሽማግሎች ናቸው» አሉኝ። «ደግሞ እኔ ኪዳነ ምሕረትን ሳላሻግር ቀርቸ አላውቅም። አንተ አትዘን፤ መጥተህልናል።»

ደብረ ማርቆስ ላይ እኒያ ሴትዮ ብርድ ልብሱን ሳልጠይቅ አመጡልኝ። በማግስቱ ኬላው ላይ ያ አሥር አለቃ አወቀኝ። ደብዳቤው ገና እንዳልደረሰ ነገረኝ፤ ሳጥኑን ከፍቶ ጥይቶቹ ሙሉ መሆናቸውን አሳየኝና ተመልሶ ዘጋው። በአደኑ ቀናህ ወይ አለኝ። አልቀናኝም ብዬ ነዳሁ። የፒካፑ ወንበር ላይ ማግነሙ ከጎኔ ተቀምጧል፤ አንድም ጊዜ አልጮኸም። አርባ ምንጭ ገብቼ መጋዘን ውስጥ ከምንሽሩ አጠገብ አቆምኩት። ደብዳቤው ደርሶ ሳጥኑ ተለቋል ሲሉኝ የሚያመጣው ሌላ ሰው ላኩ አልኩ።

ከንግሡ ማግስት፣ ከሰዓት በኋላ ብርቱካን ደወለች። ድምፅዋ ተሰብሯል፤ ቃሉን አሳጥራ ነገረችኝ። አባቷ ካህናቱን ይዘው ሰርጡ መሐል ሲደርሱ ጉማሬው ከሥር ተነሥቶ ታንኳውን ለሁለት ከፈለው። ካህናቱ ደንገሉን ይዘው በሕይወት ወጡ። አባቷን ያወጧቸው በማግስቱ ጠዋት ነው። ከኋላዋ የሴቶች ልቅሶ ይሰማል፤ የእትየ የሽወርቅ ድምፅ ከመሐል ተለየኝ።

ከዚያ ተኩስ ጀመረ። እዚያ አገር ለተከበረ ሰው ቀብር ይተኮሳል፤ የሚተኮሰውም በራሱ ጠመንጃ ነው። ብርቱካን ስልኩን ወደ ውጭ ሳትዘረጋው አልቀረችም፤ ድምፁ ቀረበ። አንዱ ይጮኻል፣ ዝም ይላል፣ ሌላው ይጮኻል።

«ይሰማዎታል?» አለችኝ። «ያ ለእርስዎ የሰጡት ጥይት ነው። ሰፌዱን አውርደው ነው የሚተኩሱት።»

ሰምቻለሁ። የምንሽር ድምፅ ነው፤ የትም ብሰማው አልስተውም። መጋዘን ትቼው የሄድኩት ጠመንጃም የሚጮኸው ልክ እንዲሁ ነው።